ሦስት ጊዜ የተጠገነች ላንድሮቨር

ቀናተኛ ሰው ቀናሁ ብሎ አያወራም። እኔ ግን ዕድሜዬ ገፍቷልና ከእንግዲህ ምን ያሳፍረኛል፤ ቀናተኛ ነኝ። ድሮም ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የማወራውን ስትሰሙ «ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?» እንዳትሉ ነው። ምንም አልነካኝም፤ አፈጣጠሬ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ገበሬው ከየጎጡ እየተነሣ በአዲስ መንደር እንዲሰባሰብ የሚደረግበት፣ ለዚያ ሥራ ደግሞ የምትንቀሳቀስ መኪና ያለው ሰው ሁሉ «ለዘመቻ ትፈለጋለች» እየተባለ መኪናውን የሚያስረክብበት ወቅት ነበር። እንዲያ ሆና ሄዳ በደህና የተመለሰች መኪና አላየሁም። እኛ የምንኖረው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ፣ ከፊት ጋራዥ ከኋላ መኖሪያ በሆነ ግቢ ውስጥ ነው።

ጋራዡ የአባቴ ነበር። አባቴ መካኒክነትን የተማረው ጣሊያኖች ሥር ሆኖ ነው። ወንድ ልጅ ስላልነበረው እኔን ከጋራዡ አልከለከለኝም፤ እንዲያውም ጣቶቼ ቀጫጭን ስለነበሩ ትልልቆቹ ሰዎች እጃቸው የማይገባበትን ቦታ ሁሉ ለእኔ ይተውልኝ ነበር። ከሁሉ የምወደው ሥራ የናፍታ መኪና ሮንዴላ ማጋል ነው። የናፍታ ሞተር ነዳጁን ወደ ውስጥ የሚረጭለት ኖዝል የሚባል ዕቃ አለው። ኖዝሉ ሞተሩ ላይ በሚቀመጥበት ቦታ ከሥሩ አንዲት የመዳብ ሮንዴላ ትገባለች፤ የጣት ቀለበት ብታህል ነው። እሷ በደንብ ካልያዘች ሞተሩ ትፍ ትፍ ይላል፣ በኖዝሉ ዙሪያ ጥቁር እርጥበት ይወጣል፣ መኪናዋም ዳገት ስታይ ትለግማለች። በዚያ ዘመን አዲስ ሮንዴላ አይገኝም። ስለዚህ አሮጌዋ ፍም ላይ ቀይ እስክትሆን ትግላለች፣ ውኃ ውስጥ ትነከራለች፣ መዳቡ ይለሰልስና እንደ አዲስ ይይዛል። አባቴ «እሳት ያላየች ሮንዴላ ከዚህ ጋራዥ አትወጣም» ይል ነበር።

ኋላ የአባቴን ምርጥ ተማሪ ደምሴን አገባሁ። አባቴ ሲሞት ጋራዡ ለደምሴ፣ ወጥ ቤቱ ለእኔ ሆነ። ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ሚስቴ ናፍታ ናፍታ እየሸተተች ብታድር ሰው ምን ይለኛል?» ነው ያለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን በአፌ ነው። ጠዋት ጠዋት ከመጋረጃ ጀርባ የመፍቻ ድምፅ ስሰማ አንጀቴ ይቃጠል ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሴት በፊት የቀናሁት በጋራዡ ነው።

ሴትዮዋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ትባላለች፣ ከጅማ ወደ አጋሮ ሲሄዱ የምትገኘው የየቡ ሰው ናት። ባሏ ቡና እየሰበሰበ ለመንግሥት የሚያስረክብ ነጋዴ ነበር፤ እሱ ሲሞት ፈቃዱንም፣ ልጆቹንም፣ አሮጌ የናፍታ ላንድሮቨሩንም እሷ ተረከበች። ያቺ ላንድሮቨር ኖዝሏ ያፈስሳል ተባለና ደምሴ ዕቃውን ይዞ ወደ የቡ ሄደ። የመጀመሪያውን ጊዜ ልብ አላልኩም። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ተጠራ።

«ምኗ ነው አሁን ደግሞ?» አልኩት።

«ያቺው ኖዝል ናት።»

«ሮንዴላዋን አግለሃታል?»

«አግያታለሁ» አለኝ፣ ዐይኑን ሳያነሣ።

ሲመለስ አንድ ቆርቆሮ ማር ይዞልኝ መጣ። ማሩ ይጣፍጥ ነበር፤ ያናደደኝም መጣፈጡ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐይኔን ከእሱ ላይ አላነሣሁም። በኦሮምኛ አንድ ዜማ ማንጎራጎር ጀምሯል። ድሮ የማያውቃቸውን የኦሮምኛ ቃላት ከደንበኞች ጋር እያሳመረ ያወራል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ከየቡ ሲመለስ የሸሚዙ እጅጌ ንጹሕ ነው። ኖዝል ፈትቶ የገጠመ ሰው እጅጌው ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በዚያ ሁሉ ዓመት አላየሁም።

ሌላ ሴት ብትሆን የባሏን ሸሚዝ ታሸት ነበር፣ ጎረቤት ትጠይቅ ነበር፣ ጠንቋይ ቤትም ትሄድ ይሆናል። እኔ የመካኒክ ልጅ ስለሆንኩ ሮንዴላ አሰላሁ። ሰው አንድ ጊዜ ይሳሳታል። በደንብ ያልጋለች ሮንዴላ ሁለተኛ ጊዜም ልታስቸግር ትችላለች። አባቴ ያስተማረው ሰው ግን በአንድ መኪና፣ በአንድ ኖዝል፣ ሦስት ጊዜ አይቸገርም። ሦስተኛ ጊዜ ከተጠራ ሆን ብሎ ነው የሚያበላሸው፤ ሆን ብሎ ካበላሸ ደግሞ ለመመላለስ ነው አልኩ። ለእኔ ይህ እንደ ሁለትና ሁለት አራት ግልጽ ነበር።

ሦስተኛው ጥሪ የመጣው በቡና ለቀማ ሰሞን ነው። አንድ ሾፌር ጠዋት ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «የየቡዋ ሴትዮ መኪናዬ እንደገና አመማት ብላለች» ብሎ አለፈ። ደምሴ ጢሙን ተላጨ። ለፋሲካ የገዛሁለትን ባለ መስመር ሸሚዝ ለበሰ። እኔ ቡና እያቀረብኩለት አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ እሱም ዝም ማለቴን እንደ ሰላም ቆጥሮት ወጥቶ ሄደ።

ከበሩ እንደወጣ የአባቴን የመፍቻ ከረጢት ከአልጋ ሥር ጎተትኩ። ሐሳቤ አንድ ነው። እሄዳለሁ፣ ያቺን ኖዝል በገዛ እጄ እፈታለሁ፣ ሮንዴላዋን እንደ አባቴ አግዬ እገጥማለሁ፣ ዳግመኛ እንዳታፈስስ አድርጌ አስቀምጣታለሁ። ከዚያ ወዲያ ደምሴ የቡ የሚሄድበት ሰበብ አይኖረውም። ወደ አጋሮ ባዶ ጆንያ ጭኖ የሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ለመንኩ። ሾፌሩ አባቴን ያውቀው ነበርና ጋቢና አስገባኝ፤ ወዴት ነው ሲለኝ ባሌ ዕቃ ረስቶ ነው አልኩት። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለሷ ነበር። ረጅም፣ ቀይ፣ ዐይኗ የተኳለ፣ ጥርሷ ነጭ አድርጌ ሣልኳት። በእያንዳንዱ ኩርባ አንድ ነገር እጨምርላት ነበርና የቡ ስንደርስ እንደሷ ያለ ቆንጆ በዓለም አልነበረም።

ግቢዋን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋዎች ላይ ተሰጥቷል፣ ሴቶች ዙሪያውን ቆመው ይለቅማሉ፣ ከወዲያ አቮካዶ ዛፍ ሥር ላንድሮቨሯ ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች። ደምሴ አጠገቧ ቆሟል። ከፊቱ አንዲት አጭር፣ ጠይም፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት በጣሳ ውኃ እያፈሰሰችለት እጁን ይታጠባል። ዝቅ ብላ ነው የምታስታጥበው፤ ለባል እንደሚደረገው። ቆንጆ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። የቆንጆ ነገር ይረሳል፣ ይሰለቻል እል ነበር። ይቺ ግን ተራ ሴት ናት፤ እንዲያ ከሆነ ደምሴ ያየባት ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፣ እሱን ደግሞ እኔ ከየት አመጣዋለሁ?

ሌሎች ሰዎች መኖራቸውን አይቻለሁ፤ ማን እንደሆኑ ግን ልብ አላልኩም። ከረጢቱን እግሬ ሥር ጣልኩት።

«ደምሴ» አልኩ፣ ሴቶቹ ሁሉ ቀና እስኪሉ ድረስ፤ «አባቴ ያስተማረውን ሰው አንዲት ሮንዴላ ሦስት ጊዜ አታስቸግረውም። ሆን ብለህ ነው የምታበላሻት።»

ደምሴ ፊቱ አመድ መሰለ። አፈረ አልኩ፣ ደስም አለኝ። ሴትዮዋ ጣሳውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ያኔ ከመኪናዋ ማዶ በርጩማ ላይ የተቀመጠ፣ ካኪ የለበሰ ሰው ሲጋራውን በጫማው አጠፋና ተነሣ። ከኋላው ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አሉ።

«ሆን ብሎ ነው ነው ያልሽው?» አለኝ።

ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ሰውየው የደረሰው ከደምሴ ጥቂት ዘግይቶ ነው። ላንድሮቨሯን ለዘመቻ ሊወስድ ሲመጣ ታማ ያገኛት ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሌላ ጊዜ ግን ቡና ጭና ስትሄድ ያዩዋት ሰዎች ነግረውታል። እኔ ከመድረሴ በፊት ለደምሴ «ይሄ አሻጥር ከሆነ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የምትሄደው» ብሎት ነበር። አሻጥር የምትለዋን ቃል የዛሬ ልጆች እንደ ቀልድ ታነሷት ይሆናል። ያኔ ግን ከስሙ ጋር እሷ የተያያዘችበት ሰው እራት ቤቱ አይበላም፤ አንዳንዱም ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ምላሴ ምን እንዳደረገ ያኔ ገባኝ። ካድሬው ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ሚስቱ ነኝ አልኩት።

«ሚስቱ ከሆንሽ ታውቂያለሽ። ለምንድን ነው ሆን ብሎ የሚያበላሸው?»

የማምነውን ነው የመለስኩለት። «ለእሷ ነዋ» አልኩ ወደ ሴትዮዋ እየጠቆምኩ። «መኪናዋ ካልታመመች በምን ሰበብ ይመጣል?»

አንደኛው ጠመንጃ ያዥ ሳቀ፣ ቡና ለቃሚዎቹም በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ተንፈቀፈቁ። ሴትዮዋ «ያ ረቢ» ብላ ፊቷን ያዘች። ካድሬውም ፈገግ አለ፤ ዐይኑ ግን አልሳቀም። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ሙያውን የት እንደማውቅ ጠየቀኝና በከረጢቴ ውስጥ ያሉትን መፍቻዎች በእግሩ ጫፍ ገለባበጣቸው።

«እንግዲያው እዚሁ ፊቴ ፍቺና አሳዪኝ» አለ። «አሻጥር ይሁን ፍቅር ሮንዴላዋ ትነግረናለች። አንተ እዚያ ቁም፣ እንዳትነካካ።»

ደምሴን ወደ ቡናው አልጋ ወሰዱት። እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ኮፈኑ ሥር ገባሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ ሞተር ስነካ የመጀመሪያዬ ነው፣ እጄ ግን አልረሳም። የምታፈስሰው ኖዝል መጨረሻ ላይ ያለችው ናት፤ ዙሪያዋ ጥቁርና እርጥብ ሆኗል። ቧንቧዋን ፈታሁ፣ የያዟትን ሁለት ብሎኖች አላላሁ፣ እያወዛወዝኩ ነቀልኳት። ሮንዴላዋ ከሥር ቀርታ ነበርና በታጠፈ ሽቦ አወጣኋት። በጨርቅ ጠርጌ ወደ ብርሃን አዞርኳት።

አንድ መስመር አለባት። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ቀጥ ያለች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ ገና የምታብረቀርቅ። የሞተር እሳት እንዲያ ያለ መስመር አይሠራም፤ የሞረድ ጫፍ ነው። የማን ሞረድ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ደምሴ ሞረድ ሲይዝ ወደ ራሱ ነው የሚስበው፣ መስመሩም በዚያ በኩል ይጠልቃል። በዚያች መስመር በኩል እሳቱ ይወጣል፣ መኪናዋ ትታመማለች። ሮንዴላዋን መቀየር ደግሞ ሕመሟን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው የደቂቃ ሥራ ነው፤ እጅጌውን ጠቅልሎ ይጨርሳል፣ ለዚህ ነው የማይቆሽሸው። ካድሬ ሊመጣ ነው ሲባል ይህቺ ትገባለች፣ ካድሬው ሲሄድ ደህናዋ ትመለሳለች።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ሆን ብሎ ነው ያልኩት ልክ ነበር፣ ግን እኔ እንዳሰብኩት አልነበረም፤ የባሌ አንገት በሁለት ጣቶቼ መካከል ነው ያለችው። በዚያ ድንጋጤ ውስጥም እንኳ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አንድ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ሮንዴላዋ መመላለሱን አስረዳችኝ፣ መላጨቱንና ሸሚዙን ግን አላስረዳችኝም።

«ምን አገኘሽ?» አለ ካድሬው ከኋላዬ።

እጄን ጨበጥኩ። «ገና ነኝ። እንዲህ ሆና አትነግርም፤ መጀመሪያ እሳት ማየት አለባት። ፍምና ውኃ አምጡልኝ።»

ፍሙን ይዛ የመጣችው ራሷ ዘይነባ ናት። ምድጃውን አጠገቤ አስቀምጣ ማራገቢያውን ያዘች። ፊታችን በአንድ ክንድ ርቀት ነው። ዐይኗ ከጨበጥኩት እጄ አይነሣም። ስለዚህ ታውቃለች። ያቺን መስመር ደምሴ ከመሞረዱ በፊት ታውቅ ነበር። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ማር እየቀመስኩ እሷ የባሌን ምሥጢር ይዛ ታድር ነበር። በዚያች ሰዓት ከጠመንጃው ይልቅ የናደኝ ይሄ ነው። መዳፌን ብከፍተው ኖሮ እሷም አብራ ትሄድ ነበር፣ እሱን ለአፍታ አሰብኩት፤ አሰብኩት ብቻ።

ሮንዴላዋን ፍሙ ላይ ጣልኳት። ቀይ ሆነች። በሽቦ አንሥቼ ውኃ ውስጥ ነከርኳት፣ ቸስ አለች። ከዚያ ከግድግዳው ሥር የነበረውን ካራ የሚሳልበትን ድንጋይ አነሣሁና ናፍታ ጠብ አድርጌ ማሸት ጀመርኩ። መካኒክ ሁሉ የሚያደርገው ስለሆነ ማንም አልጠረጠረኝም። አሽቼ አሽቼ ሳያት መስመሯ የለችም። መዳፌ ላይ አድርጌ ለካድሬው ሰጠሁት። ወደ ፀሐይ አዞራት፣ በጥፍሩ ፈተሻት፣ መለሰልኝ።

ችግሩ ግን አላለቀም። አሁን ደህና አድርጌ ብገጥማት መኪናዋ ትድናለች፤ መኪናዋ ከዳነች ካድሬው «ያንቺ እጅ በአንድ ጊዜ የጠገነውን እሱ ሦስት ጊዜ እንዴት አቃተው?» ይላል። ስለዚህ መኪናዋ በእኔም እጅ መታመም ነበረባት። አባቴ የኖዝሉን ሁለት ብሎኖች እኩል አጥብቁ፣ አንደኛው ከበለጠ ኖዝሉ ያጋድላል፣ ያጋደለ ደግሞ ያፈስሳል ይለን ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ አታድርጉ ያለውን አደረግኩ። አንደኛውን አጠበቅኩ፣ ሁለተኛውን ያጠበቅኩ መስዬ ተውኩት። ቀና ስል ደምሴ ከቡናው አልጋ አጠገብ ሆኖ እጄን ያያል። ያደረግኩትን ማንም ሌላ ሰው አያየውም ነበር፤ እሱ ግን አየ፣ ዐይኑ እንባ ሞላ።

«አስነሡት» አልኩ።

ሞተሩ ተነሣ። ትፍ፣ ትፍ፣ ትፍ አለ። በኖዝሉ ሥር ጥቁሩ አረፋ ወጣ።

«መቀመጫው ተበልቷል» አልኩ እጄን እየጠረግኩ። «ሮንዴላ የምታርፍበት ብረት አልቋል፣ እንግዲህ የቱንም ያህል ብትግል አትይዝም። አዲስ አበባ ወስዶ በማሽን ማስጠረብ ነው። ለሰሞን የያዘች ትመስላለች እንጂ ወዲያው ትለቃለች፤ ቡና ጭና አየናት የሚል ካለም ለዚያ ነው።»

ካድሬው መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። «ባልሽን ልታድኚ ብለሽ እንዳይሆን።»

ያኔ የወጣኝ እውነት ነው፤ አንድም የተፈጠረ ነገር አልነበረበትም። «እኔ ይህን ከረጢት ተሸክሜ የመጣሁት ልጠግናት ነው» አልኩት። «ከተጠገነች ትወስዷታላችሁ፣ ይሄ ሰውዬም ከዚህ ግቢ እግሩ ይነቀላል። ከዚህ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? እምቢ አለችኝ።» ይህን ብዬ አለቀስኩ። እንባዬን ላቆመው ብል አልቆም አለኝ። የዚያን ሁሉ ወር እንባ ነበር።

ካድሬው እኔን አየ፣ ዘይነባን አየ፣ ወደ ሰዎቹ ዞረና «ይቺ ሴት ለዚያችኛዋ ብላ አትዋሽም» አለ። ጠመንጃ ያዦቹ ተስማሙ። ደምሴን ወደ እኔ ገፋ አደረጉትና ሚስትህን ያዝ ብለው መከሩት። ባዶ እጃቸውን ላለመሄድ ግን የመኪናዋን ስኮርታ ጎማ አስፈትተው ወሰዱ።

ሲሄዱ ዘይነባ ጉልበቴን ልትይዝ ጎንበስ አለች፣ ወደ ኋላ አልኩ። ክንዴን ያዘችኝ።

«ማሎ እህቴ፣ ምሳ ሳትቀምሺ አትሄጂም» አለች። «ወላሂ እሱ ነግሮኝ ነበር። የሚስቴ እጅ ከእኔ እጅ ይበልጣል፣ አባቷ ያስተማረው እሷን ነው እንጂ እኔን አይደለም ብሎ ነግሮኛል።»

ልታጽናናኝ ነው ያለችው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ሁሉ እንደዚህ ቃል የወጋኝ ነገር የለም። በስንት ዓመት ትዳር አንድ ቀን ለእኔ ያላለኝን ለእሷ ነግሯታል። ምሳውን አልበላሁም።

ወደ ጅማ የተመለስነው ቡና በጫነ መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። ደምሴ ቀስ እያለ ሁሉንም ነገረኝ። መኪናዋ ከተወሰደች ቡናውን በጊዜው አታስረክብም፤ ካላስረከበች ፈቃዷ ይነጠቃል፤ ልጆቿ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ማሎ ብላ ለመነችኝ፣ አዘንኩላት አለ። ሁሉም ልክ ነው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም አልኩት።

«ቢይዙኝ አንቺን ይጠይቁሻል። ባታውቂ ይሻላል ብዬ ነው።»

«እሷንስ አይጠይቋትም?»

የጆንያውን አፍ ማሰሪያ ማጥበቅ ያዘ።

«አንገትህን ለእሷ አደራ ሰጠህ» አልኩት፣ «ለእኔ ማር አመጣህልኝ።»

መኪናው ብዙ ከሄደ በኋላ፣ ልጠይቀው የፈራሁትን ጠየቅኩት። ወደድካት ወይ አልኩ። ደምሴ እኔን አላየኝም፤ ከኋላችን የሚቀረውን መንገድ ነው ያየው።

«እስከ ዛሬ አላውቅም» አለ። «ዛሬ ባትመጪ ኖሮ ግን ወደ ፊት ማወቄ አይቀርም ነበር።»

ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ጥላው መሄድ ነበረባት ትሉ ይሆናል። እኔም አስቤዋለሁ። ግን ሊዋሸኝ ሲችል አልዋሸኝም። ዋሽቶኝ ቢሆን ኖሮ አላምነውም ነበር፣ እውነቱን ስለነገረኝ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ፤ ቀናተኛ ሰው በሁለቱም አይተርፍም። በማግስቱ ጠዋት የአባቴን አሮጌ ቱታ በልኬ ቆርጬ ለበስኩና ጋራዥ ገባሁ። ደምሴ ቀና ብሎ አየኝ፣ አንድ መፍቻ አቀበለኝ፣ ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ነገር ከዚያ ወዲያ አንሥቶት አያውቅም። እስከ ዛሬ የምበላው እንጀራ ከዚያ ጠዋት የመጣ ነው።

የየቡዋ ላንድሮቨርስ? የኖዝል ነገር ከዚያ በኋላ የእኔ ሆነ። ካድሬ ሊመጣ ነው ሲባል ሄጄ አሳምማታለሁ፣ ሲሄድ አድናታለሁ። አገሩ ሁሉ ያቺ ቀናተኛ ሴትዮ ደግሞ ልትጣላ ሄደች ይላል፤ እኔም ይበሉ ብዬ ተውኳቸው፣ ለሥራው ይመች ነበር። ዘይነባ ውኃ ስታፈስስልኝ እታጠባለሁ፣ ምሳዋን ግን አልበላም። ደርግ እስኪወድቅ ድረስ መኪናዋን ማንም አልወሰዳትም።

ይህን የማወራላችሁ ቅናት ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። ቅናት ያለባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሰውነት ይበላል። ግን ያን ቀን ካድሬው ያመነው ሙያዬን አይደለም፣ ቅናቴን ነው። እውነተኛ ስለነበረ አመነው። ባልቀና ኖሮ ባሌ በራሴ አፍ ባልተከሰሰ ነበር፣ ባልቀና ኖሮ ደግሞ ባልዳነም ነበር፤ ሁለቱን መለየት አልችልም፣ መለየቱንም ትቼዋለሁ።

ደምሴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆነው። ዘይነባ ለቅሶ መጣች፣ አርጅታለች፣ በልጅ ልጇ ተደግፋ ነው የገባችው። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደምሴን ሲያለቅስ እኔ የእሷን እንባ እመዝን ነበር፤ ለዘመድ የሚሆን ነው ወይስ ይበልጣል እያልኩ። ሰው ዛሬም ያቺ ሴት ባሏን ከሌላ ሴት እጅ አስጣለች እያለ ያወራልኛል። እኔ የማውቀው ከጠመንጃ እንዳስጣልኩት ነው። ከሴትዮዋ ማስጣሌን ግን አላውቅም።